ያውቁ ኖሯል? ቤተ ሙከራው መድረክ ላይ ሲወጣ

(በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሸዋ ድምፅን መሣል እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ በ1787 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን በሥዕል አስደግፎ አስረዳ። ስስ የብረት ሳህን ላይ አሸዋ ይነሰነሳል፤ የሳህኑ ጠርዝ በቫዮሊን ደጋን ይሳባል። አሸዋው ከሚርገበገበው ቦታ እየሸሸ ወደማይነቃነቀው ይሰበሰብና ኮከብ፣ መስቀል፣ ክብ በክብ የሆነ ጌጥ ይሠራል። ድምፁ በቀጠነ ቁጥር ሥዕሉ እየረቀቀ ይሄዳል። ክላድኒ ሳህኖቹንና ራሱ የፈለሰፋቸውን የሙዚቃ መሣሪያዎች ይዞ ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖረ፤ ከሕዝብ ፊት እየቆመ ማሳየት መተዳደሪያው ነበር። በ1809 ናፖሊዮን ትርዒቱን ካየ በኋላ የሳይንስ አካዳሚው ለዚህ እንቆቅልሽ የሒሳብ ማብራሪያ ለሚያመጣ ሽልማት እንዲያቀርብ አደረገ። ሽልማቱን በ1816 የወሰደችው ሶፊ ዠርማን ናት። ሴት በመሆኗ ዩኒቨርሲቲ ደጅ እንኳ አልረገጠችም፤ ሒሳብን የተማረችው በራሷ ጥረት ነው። የፊዚክስ አንድ ቅርንጫፍ መንገድ የጀመረው እንግዲህ ተመልካች ካጨበጨበለት ትርዒት ነው ማለት ነው።

ከሰማይ የሚወድቁ ድንጋዮች ከጠፈር የመጡ ናቸው ብሎ በ1794 የጻፈውም ይኸው ክላድኒ ነበር። በዘመኑ ብዙዎች አላመኑትም።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን መብረቅን ብቻ ሳይሆን ብርጭቆንም መርምሯል። በ1761 የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህኖችን በአንድ ዘንግ ላይ ደርድሮ እየተሽከረከሩ በረጠበ ጣት የሚዳሰሱበት መሣሪያ ሠራ። ሞዛርት በ1791፣ በሞተበት ዓመት፣ ለዚህ መሣሪያ ሙዚቃ ጻፈ፤ የጻፈውም ለዓይነ ስውሯ ተጫዋች ማሪያነ ኪርሽጌስነር ነው።

በ1899 ደግሞ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ደደል የመንገድ መብራት አዘፈነ። የዚያን ዘመን ባለ ካርቦን መብራቶች ሲበሩ ያፏጩና ያጉረመርሙ ስለነበር ደደል መላ እንዲፈልግለት ታዘዘ። ጩኸቱን እያጠና የኤሌክትሪኩን ርግብግቢት መቆጣጠር ቻለ፤ ከዚያ ቁልፎች ገጠመለትና ለለንደን የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ዜማ አሰማቸው።

የማይነካ የሙዚቃ መሣሪያ መኖሩንስ ያውቁ ኖሯል? ከክራር እስከ ፒያኖ ያለው ሁሉ ወይ ይነካል፣ ወይ ይመታል፣ ወይ ይነፋል። በ1920 ገደማ ፔትሮግራድ ውስጥ ሌቭ ተርመን የተባለ ወጣት የፊዚክስ ባለሙያ የሠራው ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የጋዞችን የኤሌክትሪክ ባሕርይ የሚለካ መሣሪያ እየገጣጠመ ሳለ፣ እጁን ሲያስጠጋ በማዳመጫው የሚሰማው ድምፅ ሲቀጥን፣ ሲያርቅ ደግሞ ሲወፍር ታዘበ። ሌላ መሐንዲስ እንከን ነው ብሎ የሚያስወግደውን ነገር እርሱ ቼሎ ይጫወት ስለነበር ዜማ አወጣበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሞገድ አመንጪዎች ጆሮ ሊሰማው በማይችለው ፍጥነት ይርገበገባሉ። የአንደኛው ፍጥነት አይለወጥም፤ ሁለተኛው ከአንቴና ጋር የተያያዘ ስለሆነ እጅ ሲቀርበው ትንሽ ይዛነፋል። የሰው ገላ ራሱ የኤሌክትሪኩ መንገድ አካል ይሆናል። በሁለቱ ፍጥነቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው እንግዲህ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ የሚሰማን። ቀጥ ብሎ የቆመው አንቴና የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት፣ በጎን የታጠፈው ደግሞ ጉልበቱን ይወስናል። ተጫዋቹ አየር ላይ የሚይዘው፣ ጣቱን የሚያሳርፍበት ምንም ነገር የለውም፤ በትንሹ ቢያስነጥስ ዜማው ይበላሻል።

ተርመን በ1922 ክሬምሊን ገብቶ ለሌኒን አሳየ፤ ሌኒንም ራሱ ሞከረው። በ1927 አሜሪካ ተሻገረ። አርሲኤ የተባለው ኩባንያ 500 ያህል አምርቶ ለገበያ አቀረበ፤ ነገር ግን መሣሪያው ለመጫወት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ እንደታሰበው አልተሸጠም። ሊቅ የሆነችበት ክላራ ሮክሞር ናት። በልጅነቷ የተደነቀች ቫዮሊን ተጫዋች ነበረች፤ ክንዷ ታምሞ ቫዮሊኑን ስትተው ወደዚህ መሣሪያ ዞረች፤ የእያንዳንዱን ጣት እንቅስቃሴ በራሷ ሥርዓት አስይዛ ሌሎች ጩኸት ብቻ ከሚያወጡበት መሣሪያ የኮንሰርት ሙዚቃ አፈለቀችበት። ተርመን ከዚህም አልፎ ወለሉ ራሱ አንቴና የሆነበት መድረክ ሠራ፤ ጨፋሪዋ ክንዷን ስታነሣ ድምፁ ይወጣል፣ ስትጎነበስ ይወርዳል። ሙዚቃው ጭፈራውን ይከተላል እንጂ ጭፈራው ሙዚቃውን አይከተልም።

የዚህ ሰው ቀሪ ታሪክ ልብ ወለድ ይመስላል። በ1938 ወደ ሶቪየት ኅብረት ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ታሰረ፤ ወደ ኮሊማ የግዞት ካምፕ ተላከ፤ ኋላም እስረኛ ሳይንቲስቶች በሚሠሩበት ምስጢራዊ ቤተ ሙከራ ገባ። በ1945 የሶቪየት ልጆች ለአሜሪካው አምባሳደር ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ማኅተም በስጦታ ሰጡ፤ ውስጡ ተርመን የሠራው ማዳመጫ ነበር። ባትሪ የለውም፤ ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ነፍስ ይዘራል። እስከ 1952 ድረስ ማንም ሳያገኘው በአምባሳደሩ መኖሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ። በመድረክ ሰውን ያስደመመው ዕውቀት ለስለላም ዋለ። ተርመን በ1993 በ97 ዓመቱ አረፈ።

አንድ ሙሉ ከተማ የሙዚቃ መሣሪያ የሆነበት ቀንም ነበር። ኖቬምበር 7 ቀን 1922 ባኩ ውስጥ አርሴኒ አቭራሞቭ የፋብሪካ ሳይረኖችን፣ የካስፒያን ባሕር መርከቦችን ጥሩምባ፣ የባቡር ፉጨትንና መድፍን በአንድነት አስጮኸ። ከፍ ካለ ማማ ላይ ቆሞ የሚመራው በባንዲራ ነበር።

አሁን የአማርኛ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያነበው የምፈልገው ታሪክ ላይ ደርሰናል። ከተቀረጸ ድምፅ የሚሠራ ሙዚቃ ተብሎ ታሪኩ ሲነገር መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ፓሪስ፣ ዓመቱም 1948 ይደረጋል፤ ፒየር ሼፈር በባቡር ድምፅ የሠራው ሥራ ይጠቀሳል። ነገር ግን ከዚያ አራት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1944 ካይሮ ላይ፣ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ወጣት ግብፃዊ ይህንኑ ሠርቶት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? የሠራውስ በምን ላይ እንደሆነ? በዛር ላይ!

ኤል ዳብ በትምህርቱ የግብርና መሐንዲስ ነበር። ከሬዲዮ ጣቢያ ድምፅን በቀጭን ብረት ሽቦ ላይ የሚቀርጽ ከባድ መሣሪያ ተዋሰ። የዛር ሥርዓቱ የሴቶች ብቻ ስለነበር እርሱና ጓደኛው የሴት ልብስ ለብሰው፣ ተሸፋፍነው ገቡ። መዝሙሩንና ከበሮውን ቀርጾ ወደ ስቱዲዮ ከተመለሰ በኋላ የሠራው ሥራ ነው ታሪክ ያደረገው። የድምፁን ዋና አካል እያጠለለ አስወግዶ በላዩ የሚያንዣብበውን ቀጭን ቅሪት አስቀረ፤ ግድግዳቸው በሚንቀሳቀስ ክፍሎች ውስጥ እያስተጋባ የገደል ማሚቶውን አስረዘመው። የሴቶቹ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ሩቅ ሆኖም ቅርብ የሆነ ነገር ሆነ። ውጤቱን በዚያው ዓመት ካይሮ ውስጥ በአንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ለሕዝብ አሰማ። ዛሬ በእጃችን ያለው ሁለት ደቂቃ ገደማ የሚሆን ክፍል ብቻ ነው፤ እርሱም በኢንተርኔት ይገኛል። ከተቻለ መብራት አጥፍተው ይስሙት።

የዛር ሥርዓት ወደ ግብፅ የገባው ከኢትዮጵያ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃዎች አንዱ የተሠራው ጎንደርና ወሎ አሳምረው በሚያውቁት ነገር ላይ ነው። እኛ ዘንድ ስለ ባለ ዛር ሲወራ ወይ በፍርሃት ነው ወይ በነቀፋ። ፈረንሳዊው ጸሐፊና አጥኚ ሚሼል ሌሪስ ግን በ1932 ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ ሥርዓቱን ከመረመረ በኋላ፣ በ1958 የጎንደርን ዛር የቴአትርነት ገጽታ የሚተነትን መጽሐፍ አሳተመ። ባለ ዛሯ ዛሯ ሲወርድ ድምፅዋን፣ አካሄዷን፣ ልብሷን ለውጣ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ዙሪያዋን ያሉት ያጨበጭባሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ። ሃይማኖታዊ ፍርዱን ለሚመለከታቸው ትቼ፣ መድረክ፣ ተዋናይ፣ ሙዚቃና ተመልካች በአንድ ጎጆ መገኘታቸውን መካድ እንደማይቻል ግን እናገራለሁ።

የኤል ዳብ ነገር በዚህ አላበቃም። አሜሪካ ሄዶ በ1958 የታላቋን የውዝዋዜ ባለሙያ የማርታ ግራሃምን "ክላይተምኔስትራ" ሙዚቃ ጻፈ፤ ኒውዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ። ከዚያ በ1962 አዲስ አበባ መጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ ከበሮ፤ ከየአካባቢው የመጡ፣ ከዚያ በፊት አብረው የመጫወት ልማድ ያልነበራቸው መሣሪያዎችና ሰዎች በአንድ መድረክ ተሰለፉ። ዛሬ የባህል ቡድን ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ያ ሰልፍ ያኔ ራሱን የቻለ ሙከራ ነበር። ቡድኑን በኋላ ለዓመታት የመሩት ተስፋዬ ለማ ናቸው። ቡድኑ በ1969 አሜሪካን ዞሮ በዝነኛው የኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ታየ። ኤል ዳብ በ2017 በ96 ዓመቱ ኦሃዮ ውስጥ አረፈ። አዲስ አበባ ላይ አንድ መንገድ ወይም አንድ አዳራሽ ቢሰየምለት አይበዛበትም።

ፍጹም ጸጥታ የሚባል ነገር እንደሌለ ያውቁ ኖሯል? አሜሪካዊው ጆን ኬጅ በ1951 ሃርቫርድ ውስጥ ምንም ድምፅ እንዳያስተጋባ ተደርጎ የተሠራ ክፍል ገባ። ሁለት ድምፅ ሰማ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። ወፍራሙ የደምህ ዝውውር፣ ቀጭኑ የነርቭህ ሥራ ነው ተባለ። ስለ ቀጭኑ የተሰጠውን ማብራሪያ የዛሬ ባለሙያዎች አይቀበሉትም፤ የጆሮ ጭውታ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ኬጅ ግን ከዚያ ክፍል የወጣው ሰው እስካለ ድረስ ድምፅ አለ ብሎ ነው። በዓመቱ ፒያኖ ተጫዋቹ 4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ሙሉ አንድም ቁልፍ ሳይነካ የሚቀመጥበትን ሥራ አቀረበ። የሚሰማው ነፋሱ፣ ዝናቡና የሰዉ ጉርምርምታ ነበር።

የዚሁ ሰው ሌላ ሥራ "በተቻለ መጠን በዝግታ" መጫወት አለበት ተብሎ ስለተጻፈ ጀርመን፣ ሃልበርሽታት ከተማ፣ በአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለ639 ዓመት እንዲጫወት ተወስኗል። በ2001 በዝምታ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ድምፅ የተሰማው በ2003 ነው። የሚያበቃው በ2640 ይሆናል። የድምፁ ቅንብር በሚለወጥበት ዕለት ሰው ከሩቅ አገር ይሰበሰባል።

ከተጫዋቹ አንጎል በቀጥታ የሚወጣ ሙዚቃ መጀመሪያ የተሰማው በ1965 ነው። አልቪን ሉሲየር ማሳቹሴትስ በሚገኘው ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ሕዝብ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ራሱ ላይ ኤሌክትሮድ ተለጠፈለት፤ ዓይኑን ጨፈነ። የሰው አንጎል ዓይን ተጨፍኖ፣ ልብ አርፎ ሲቀመጥ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ሞገድ ያወጣል። ይህ ለጆሮ እጅግ ዝግ ያለ ስለሆነ አይሰማም። መሣሪያውን ያዋሰውና ያስረዳው የፊዚክስ ባለሙያው ኤድመንድ ዲዋን ነበር። ሉሲየር ሞገዱን አጉልቶ ወደ ብዙ ድምፅ ማጉያዎች ላከው፤ ማጉያዎቹ ደግሞ ከበሮ፣ ደወልና ጸናጽል ላይ ተደግፈው ነበርና እየተርገበገቡ አስጮኋቸው።

የትርዒቱ ልብ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሙዚቀኛው አጥብቆ ከፈለገ ምንም አይሰማም። ዓይኑን ከገለጠ፣ ወይም ይሳካ ይሆን ብሎ ከተጨነቀ ሞገዱ ይጠፋል፣ ከበሮው ዝም ይላል። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው መረጋጋት ነው የተጫዋቹ ሙያ። ለእኔ ሳይንስ በመድረክ ላይ ማጌጫ ሳይሆን የድራማው ሞተር የሆነበት ከሁሉ የጠራው ምሳሌ ይህ ነው፤ ተዋናዩ ማስመሰል አይችልም፣ መሣሪያው ያጋልጠዋልና።

ሉሲየር በ2021 በ90 ዓመቱ ካረፈ በኋላም ሥራው አልቆመም። ከመሞቱ በፊት ፈቅዶ ደሙን ሰጥቶ ነበር። ሳይንቲስቶች ነጭ የደም ሕዋሶቹን ወደ ግንደ ሕዋስ ለውጠው ከዚያ ጥቃቅን የአንጎል ሕብረ ሕዋስ አሳደጉ። በ2025 በፐርዝ፣ አውስትራሊያ፣ በአንድ የጥበብ ማዕከል ውስጥ የዚህ ሕብረ ሕዋስ የኤሌክትሪክ ንዝረት በግድግዳ የተደረደሩ የነሐስ ሰሌዳዎችን ሲያስመታ ተደመጠ። ይህ የሉሲየር አንጎል አይደለም፤ ትውስታም ሐሳብም የለውም። የፈጠራ ባለቤቱ ማነው፣ ሟችን በሥራ ላይ ማቆየትስ እስከ ምን ድረስ ይገባል የሚለው ጥያቄ ግን ሰውነትን ይወርራል፤ ሠሪዎቹም እንድንጠይቅ ብለው ነው ያቆሙት።

በ1966 ጥቅምት ወር ኒውዮርክ ውስጥ 10 የጥበብ ሰዎችና ከቤል ቤተ ሙከራ የመጡ 30 ያህል መሐንዲሶች አንድ ሰፊ የጦር ክፍል አዳራሽ ተከራይተው "9 ምሽቶች፤ ቴአትርና ምሕንድስና" የሚል ዝግጅት እንዳቀረቡ ያውቁ ኖሯል? አስተባባሪዎቹ መሐንዲሱ ቢሊ ክሉቨርና ሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ ነበሩ። ከ10,000 በላይ ሰው ተመለከተው።

የራውሸንበርግን ሥራ ላሳይዎ። ሁለት ሰዎች በአዳራሹ መሐል ቴኒስ ይጫወታሉ። በመምቻዎቹ እጀታ ውስጥ ማይክሮፎንና አነስተኛ ሬዲዮ ማስተላለፊያ ተቀብሯል። ኳሷ በተመታች ቁጥር አዳራሹ "ድው!" ይላል፤ በዚያው ቅጽበት ከላይ ካሉት መብራቶች አንዱ ይጠፋል። እንዲህ እየተባለ አዳራሹ ጨለማ እስኪውጠው ጨዋታው ይቀጥላል። ከዚያ 500 የሚያህል ሰው በጨለማ ወደ መሐል ይገባል፤ ተመልካቹ የሚያያቸው ዓይን የማያየውን ጨረር በሚይዝ ካሜራ አማካይነት፣ በትልቅ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። አጠገቡ ያለውን ሰው በዓይኑ አያየውም፣ ምስሉን ግን ያየዋል።

ጆን ኬጅ በበኩሉ የከተማዋን የስልክ መስመሮች ከፍቶ ምግብ ቤት፣ የወፎች ማቆያ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ የኒውዮርክ ታይምስ ማተሚያ፣ የጠፉ ውሾች ማደሪያ ውስጥ ያለውን ድምፅ በቀጥታ ወደ አዳራሹ አመጣ። አንዳንዱ ምሽት መሣሪያ ተበላሽቶ ተመልካች ለረጅም ጊዜ ጠበቀ፤ ጋዜጦችም ነቀፉ። ቢሆንም መሐንዲስና አርቲስት እንደ አሠሪና ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ባልንጀራ የሠሩበት ልማድ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።

በሒሳብ ቤት የገነባ፣ በዚያው ሒሳብ ሙዚቃ የጻፈ ሰውም አለ። ግሪካዊው ያኒስ ዜናኪስ መሐንዲስ ነበር፤ አቴንስ ውስጥ በተደረገው ውጊያ በመድፍ ፍንጣሪ ግራ ዓይኑን አጣ፤ ፓሪስ ሸሽቶ ከስመ ጥሩው አርክቴክት ከለ ኮርቡዚየ ጋር ሠራ። አገሩ በሌለበት ሞት ፈርዳበት ነበር። በ1954 በጻፈው ሙዚቃ ቫዮሊኖቹ ድምፃቸውን እያንሸራተቱ ሲወጡና ሲወርዱ በወረቀት ላይ የተጠላለፉ ቀጥታ መስመሮች ይታዩበታል፤ በ1958 ብራስልስ ላይ ለተካሄደው የዓለም ትርዒት የፊሊፕስን ድንኳን መሰል ሕንፃ ሲነድፍ እነዚያኑ መስመሮች ግድግዳ አደረጋቸው። ሕንፃው ውስጥ ከ300 በላይ ድምፅ ማጉያዎች ተተክለው የኤድጋር ቫሬዝ የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ በግድግዳው ላይ እየተጓዘ ይሰማ ነበር። ትርዒቱ ሲያበቃ ሕንፃውን አፈረሱት። ያሳዝናል።

ኮምፒዩተር መጀመሪያ የዘፈነው በ1961 በቤል ቤተ ሙከራ ነው። ጸሐፊው አርተር ክላርክ እዚያ ሰምቶት በልቡ ስለቀረ፣ በ1968 በወጣ ፊልሙ ላይ አንድ ኮምፒዩተር ሲሞት ያንኑ ዘፈን እንዲዘፍን አደረገ።

አልበርት አንስታይን ቫዮሊን ይጫወት እንደነበር ብዙዎች ያውቃሉ። በፊሊፕ ግላስና በሮበርት ዊልሰን ኦፔራ ላይ አንስታይን ከመድረኩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቫዮሊን ብቻ እንደሚጫወት፣ ዘማሪዎቹም በአብዛኛው ቁጥርና የኖታ ስሞች እንደሚዘምሩስ ያውቁ ኖሯል? "አንስታይን ኦን ዘ ቢች" በ1976 በአቪኞን ፌስቲቫል ሲቀርብ አምስት ሰዓት ገደማ ፈጀ፤ ዕረፍት የለውም፣ ተመልካች ሲፈልግ ወጥቶ ይገባል። በዚያው ዓመት በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ሰው ሞልቶ ተርፎ ታየ፤ ትርፉ ግን ዕዳ ሆነና ግላስ ታክሲ መንዳቱን ቀጠለ።

ታክሲ ሲነሣ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ሊረሱ አይገባም። በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮንን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሮኒክስ ምት ጋር አዋሕደው ብቻቸውን ካሴት ሠሩ፤ ኋላም ለዓመታት በደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ እየነዱ፣ ተራ ሲጠብቁ ከመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ዓለም ዞሮ አዳመጣቸው፤ በእርጅና ዘመናቸው ወደ መድረክ ተመለሱ።

ሎሪ አንደርሰን በ1977 የቫዮሊን ደጋን ላይ በፈረስ ጭራ ፈንታ የተቀረጸ ቴፕ ወጠረች፤ ቫዮሊኑ ላይ ደግሞ የቴፕ ማጫወቻ ራስ ገጠመች። ደጋኑን ስትስብ ቴፑ ይናገራል፤ ስትመልሰው ቃሉ ወደ ኋላ ይነገራል። ከዚያ ቀደም ሲል በጎዳና ላይ እግሯን በበረዶ ግግር ውስጥ በተቀበረ የስኬቲንግ ጫማ አጥልቃ ቫዮሊን ትጫወት ነበር፤ በረዶው ሲቀልጥ ኮንሰርቱ ያበቃል። ይህች ሴት ናት በ2003 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ የመጀመሪያዋ ነዋሪ አርቲስት የሆነችው።

አይስላንዳዊቷ ቢዮርክ በ2011 "ባዮፊሊያ"ን ማንቸስተር ላይ ስታቀርብ ከመድረኩ በላይ የተንጠለጠለ የቴስላ መጠምጠሚያ ሰማያዊ መብረቅ እየተፋ የዘፈኑን ወፍራም ድምፅ ይጫወት ነበር። በመሬት ስበት እየተወዛወዙ ክር የሚመቱ በገናዎችም ተሠርተውላት ነበር። ሥራው ከጊዜ በኋላ በሰሜን አውሮፓ አገሮች ትምህርት ቤቶች ልጆች ሙዚቃንና ሳይንስን አብረው የሚማሩበት ፕሮጀክት ሆነ። ከዝናዋ ሁሉ ይህንን አስበልጣለሁ።

ስፔናዊቷ ሙን ሪባስ ክንዷ ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመዘገብ የሚነዝራት መሣሪያ አስቀብራ መድረክ ላይ ትቆም ነበር። መሬት ሲንቀጠቀጥ ትጨፍር ነበር፤ ካልተንቀጠቀጠ ጭፈራ አልነበረም። የቪየና የአትክልት ኦርኬስትራ ደግሞ ከ1998 ጀምሮ ከካሮት፣ ከዱባና ከባሮ ሽንኩርት መሣሪያ እየፈለፈለ ይጫወታል፤ ከኮንሰርቱ በኋላ ለታዳሚው ሾርባ ይቀርባል።

ሙላቱ አስታጥቄ በወጣትነታቸው ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና ሊማሩ ነበር፤ ሙዚቃው አሸነፋቸው። የተመራማሪነት መንፈሱ ግን አብሯቸው ኖረ። በ2007 እና 2008 ሃርቫርድ ውስጥ ተመራማሪ ሆነው ሲቆዩ በቅዱስ ያሬድ ዙሪያ የሚጽፉትን ኦፔራ ከፊሉን አሰሙ፤ ክራር የሚችለው የቅኝት ዓይነት እንዲሰፋም ሠርተዋል። የደራሼ ሕዝብ በቀርከሃ መሣሪያዎቹ የሚጠቀምበትን የድምፅ አደራደር፣ የምዕራብ ጃዝ ሰዎች ከደረሱበት ረጅም ዘመን አስቀድሞ ያውቀው ነበር ብለው ደጋግመው ይከራከራሉ። "እነዚህ ሰዎች የድምፅ ሳይንቲስቶች ናቸው" የሚለው አቋማቸው ተጠንቶ በመድረክ ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው ለተማሪዎች ነው። ሉሲየር በ1969 የሠራው ሌላ ሥራ አለ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ይናገርና ይቀርጸዋል፤ ቅጂውን በዚያው ክፍል ያጫውትና እንደገና ይቀርጸዋል፤ ደግሞ ያጫውታል፣ ደግሞ ይቀርጻል። ክፍሉ በተፈጥሮው የሚስማሙትን ድምፆች ብቻ እያጎላ ሌላውን ስለሚያከስም ቃላቱ ቀስ በቀስ ሟሙተው የክፍሉ የራሱ ዜማ ብቻ ይቀራል። ሉሲየር መንተባተብ ነበረበት፤ ክፍሉ መንተባተቡንም አለሰለሰለት። ይህንን ለመሥራት ዛሬ ሁለት የእጅ ስልክ፣ አንድ ድምፅ ማጉያና ባዶ ክፍል ይበቃል። ፊዚክስ ወይም ኢንጂነሪንግ የምትማሩ፣ ቴአትር ወይም ሙዚቃ የሚማር ጓደኛ ፈልጉ። የራሳችሁን ቃል በራሳችሁ ቋንቋ ተናገሩበት። ከዚያ አዳራሽ አስፈቅዱና አንድ ምሽት ሕዝብ ጥሩ።